የልቦለድ እግር አይቆስልም

ይሄይስ ደሞዝ መጽሐፍ ሲያስመርረው አይወረውርም። ዘግቶ ጉልበቱ ላይ ያኖረውና መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ ከዚያ ሰማዩን ያያል። ይኸን ጊዜ የግቢው ሰው ሁሉ ስድብ እየመጣ እንደሆነ ያውቃል።

«ሦስት ቀን!» ይላል። «ሦስት ቀን ሙሉ ጋለበ ይለኛል! ፈረሱ ውሃ አልጠጣ፣ ሣር አልነጨ፣ ፋንድያ አልጣለ! ይኸ ፈረስ ነው ባጃጅ? ባጃጅስ ቢሆን ቤንዚን አይፈልግም?»

ቢናገርም አይፈረድበትም፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የክትባት ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ የዋግን ወረዳዎች፣ ፃግብጂን፣ ደሃናን፣ ሰሃላን በእግሩ ዞሯቸዋል። መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ የሱ ድርሻ ነበር። የትኛው ጅረት በየካቲት እንደሚደርቅ፣ የትኛው ዳገት የተጫነ አህያ እንደሚያስተኛ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ይኸ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው አስማተኛና ዘንዶ፣ የሚያበራ ሰይፍና የሚናገር ጭልፊት የሌለበትን መጽሐፍ አላነብም ካለ ሃያ ዓመት የሞላው።

መጽሐፉን የሚያቀርብለት ሰቆጣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ቅጣው ነው። ቅጣው ከአዲስ አበባና ከወልድያ በአውቶብስ የሚያስመጣቸውን አሮጌ መጻሕፍት በሳምንት ያከራያል። «ጋሽ ይሄይስ፣ አዲስ ፋንታሲ ገብቷል» ብሎ ሲደውል ይሄይስ «እስቲ ደግሞ ይኸኛው በምን ያቃጥለኝ ይሆን» እያለ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል። መጽሐፉ ሲመለስ ኅዳጉ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ነው። ቅጣው መጀመሪያ ላይ ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን ደንበኞቹ ከመጽሐፉ ይልቅ ቀዩን ለማንበብ እንደሚከራዩ ሲገባው ዝም አለ። እንደውም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይቀልድበታል።

የይሄይስ ቂም ከካርታው ይጀምራል። እነዚህ ደራሲዎች ካርታ ሳይስሉ ታሪክ አይጀምሩም፤ ሲስሉት ደግሞ ወንዙ ከቆላ ተነሥቶ ደጋ ይወጣል። ከተማው መቶ ሺህ ሕዝብ አለው፤ በዙሪያው ግን አንድ ማሳ የለም፤ ገበያ የሚቆምበት ቀንም የለውም። እህሉ ከየት ይመጣል? ይኸን የመለሰለት ደራሲ እስከ ዛሬ አላጋጠመውም። ዘንዶውስ? የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚያህል ሥጋ በል አውሬ መቶ ዓመት ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ወርቅ ይጠብቃል። «ማን ያበላዋል? ወርቁን ያላምጣል?» ብሎ ጽፏል። ዘርቃሞንድርያስ የሚባል ንጉሥ ያጋጠመው ቀን ደግሞ መጽሐፉን ዘግቶ የጎረቤት ፍየል ሊያክም ሄደ። «ይኸን ስም ተሸክሞ እንዴት አደገ? እናቱ ለምሳ ጠርታው ሳትጨርስ ምሳው ይቀዘቅዛል» አለ፣ ፍየሏን አፏን ከፍቶ ጥርሷን እያየ።

ትንቢት ሲመጣ ይብስበታል። «ሟርተኛዋ ነግራታለች» ይላል፤ «በርሽን ስትከፍቺ ሞት ቆሞ ታገኚዋለሽ ብላታለች። ሴትዮዋ ግን በሩ ሲንኳኳ ምንም እንዳልሰማ ሰው ተነሥታ ማነው ትላለች! ትከፍታለች! እያወቀ እንዳላወቀ ሁኖ በር የሚከፍት ሰው በየት አገር አለ?» ይኸንኑ በሦስት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ጽፎታል።

እግር ሲነሣ ግን ፊቱ ይቀላል። ጀግኖቹ አርባ ቀን በረሃ ያቋርጣሉ። ይራባሉ፣ ይጠማሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይፋቀራሉ፤ የአንዳቸውም ተረከዝ አይላጥም፣ የአንዳቸውም ጥፍር አይነቀልም። ይሄይስ ከሰሃላ ተመልሶ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ያደረባቸውን ሌሊቶች ያስባልና ይንገበገባል። «የልቦለድ እግር አይቆስልም!» ይላል ቀይ እስክሪብቶው፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኖ።

«ካስጠላህ ለምን ታነበዋለህ?» የሚሉት ሞልተዋል። «ምቀኛ እንዳላጣ» ብሎ ያልፋቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአገሩን ኑሮ የሚተርክ ልቦለድ ለሱ ቀን ሲያየው የዋለውን ማታ መልሶ ማየት ነው። አገር ከባዶ የሚፈጥር ሰው ግን ያስቀናዋል። አንድ ቀን አንድ ደራሲ ውሃውን ሳይረሳ፣ መኖውን ሳይረሳ፣ እግሩን ሳይረሳ አገር ሲፈጥር አያለሁ ብሎ ነው ይኸን ሁሉ ዓመት ሲቃጠል የኖረው።

ብቻውን ግን አይቃጠልም። አንድ ግቢ የሚኖሩት እትዬ ይታየሽ አሉ። የደሃና ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፤ ፊደል አልቆጠሩም። ይሄይስ ከሥራ ሲመለስ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ምስርም ሆነ ማሽላ ሲለቅሙ እሱ በርጩማውን አውጥቶ ያነብላቸዋል። ይታየሽ ዘንዶ አይደንቃቸውም፤ አስማትም አይደንቃቸውም። የማንኛውም መጽሐፍ ጀግና ከቤቷ ወጥታ መንገድ ስትጀምር የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እናቷስ?»

«ሞታለች እትዬ። ገና ገጽ ሁለት ላይ ሞታለች።»

«ይቺንም ገደሏት?» ይላሉ፤ አንድ ጠጠር ለቅመው ይጥላሉ። «እነዚህ ሰዎች እናት ምን አድርጋቸው ነው?»

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ግቢው ሁሉ ያውቃል። አንዲት ልጃቸው ሶስና ከአምስት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ ሳውዲ ልትገባ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣና ስልክ ተቋረጠ፤ ዝምታዋን ሁሉም በኔትወርኩ አሳበበ። ኔትወርኩ ሲመለስ የየቤቱ ልጅ ደወለ። ሶስና አልደወለችም። ዘመድ አዝማድ «ቁርጡን እወቂና ተዝካሯን አውጪላት» ሲላቸው ይታየሽ «መርዶው ያልመጣ ሰው አልሞተም» ይላሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን የሚለቅሙት እህል ላይ እጃቸው ቀጥ ይላል፤ የማንም ስልክ ይሁን።

ቅጣው በቴሌግራም የዋግ አንባቢዎችን የሚያሰባስብ ገጽ ሲከፍት ይሄይስ ቀዩን ስድብ በድምፅ መላክ ጀመረ። ድምፁን ሪያድም ቤይሩትም ያሉ የአገሩ ልጆች ይሰሙታል። የእትዬ ይታየሽን «እናቷስ?» ሲነግራቸውማ በሳቅ ሞቱ፤ መጽሐፍ በተነሣ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ «እናቷስ?» ይላል።

በሚያዝያ ወር ባንቺ የምትባል ልጅ ለብቻው ጻፈችለት። የፃግብጂ ልጅ ነች፤ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። «ጋሼ ይሄይስ፣ በስልኬ የጻፍሁት ፋንታሲ አለ። ሁሉም ፈጠራ ነው። እባክዎ አንድም ነገር ሳያልፉ እስከ መጨረሻው አንብበው ይፍረዱልኝ።» ቅጣው አትሞ ሰጠው፤ መቶ አርባ ገጽ ወጣው።

ይሄይስ ቀይ እስክሪብቶውን አሹሎ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠ። አገሩ አውራንያ ይባላል። «ደግሞ ጀመረን!» አለ። ግን የአውራንያ ወንዝ ከደጋ ወደ ቆላ ነው የሚወርደው። የአውራንያ ንጉሥ ግብር የሚያበላው አዝመራ ከገባ በኋላ ነው። ሊያምራ የምትባለው ጀግና እና ጓደኛዋ ዝምራ የመዳብ ባሕርን ሊሻገሩ የጨው ምድር ውስጥ ሲጓዙ ውሃውን በጉንጫቸው ልክ እየሰፈሩ ነው። ይሄይስ ሰላሳ ገጽ ሄደ፤ ሃምሳ ሄደ፤ አንድም ቦታ ቀይ አላሰመረም። የሚሰደብ ነገር ሲያጣ ይበልጥ ተናደደ። ሃያ ዓመት የፈለገውን ነገር አግኝቶ ሳለ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ስህተቱን ማደኑን ያዘ፤ ልማድ ክፉ ነው።

ገጽ ዘጠና አንድ ላይ አገኘው። አነበበው፤ ሳቀ፤ ኅዳጉ ላይ በትልልቁ ጻፈበት። ከዚያ የቀረውን ጨርሶ ተኛ።

ለእትዬ ይታየሽም በየቀኑ እያነበበላቸው ነበር። መጽሐፉን ወደውታል። ዝምራ የምትባለዋ እናት አላት፤ እናቲቱ በሕይወት አለች፤ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ መንገድ መንገድ ታያለች። «እንኳንም አልገደለቻት» አሉ፤ «ይቺ ልጅ ያሳደጋት ሰው አለ።» ሐሙስ ዕለት ገጽ ዘጠና አንድ ደረሱ። ይታየሽ ምስር በሰፌድ ይዘዋል።

«አሁን ይስሙልኝ» አለ ይሄይስ፤ ገና ሳያነበው ሳቁ እየቀደመው። «እስካሁን እንደ ሰው ስትጽፍ ቆይታ እዚህ ላይ ምን እንደነካት እንጃ።» ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

«ዝምራ ተረከዟ ተልጦ መራመድ ሲያቅታት ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አደረገችው። እናቴ ናት ያስተማረችኝ አለች፤ ጫማ ሲልጥሽ ለዋውጪው፤ ሌላ ቦታ ሲልጥሽ የፊተኛው ያርፋል ትለኛለች።»

«ሰው ጫማ አዙሮ አድርጎ በረሃ ያቋርጣል?» አለ ይሄይስ። «ሃያ ስምንት ዓመት ስሄድ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም! እግር ይቁሰል ብየ ስጮህ ኑሬ፣ አንዷ ስታቆስለው ደግሞ በዚህ ታክመዋለች። ጫማውስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ! በአስማት አገር የላስቲክ ኮንጎ ጫማ!»

እሱም በሞቀው አፉ ቀጠለ።

«በሦስተኛው ቀን ውሃው አለቀ። ዝምራ ከተኛችበት ድንጋይ ጥላ ሥር አልተነሣችም። ሊያምራ ፊቷን በነጠላዋ ጋርዳ በአሸዋ ሸፈነቻት። ጫማዎቿን ከላይ አስቀመጠችላት፤ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ።»

«ድገመው እስቲ» አሉ ይታየሽ።

«የቱን?»

«ጫማውን።»

ደገመው። ሁለተኛ ሲያነበው ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ የሴትዮዋ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀጥ ብሏል። ስልክ ግን አልጮኸም።

«ሰማያዊ ነበር» አሉ። «ከደሃና ሰቆጣ ገበያ ስንመጣ ትንሽ ልጅ ሁና ተረከዟን ይልጣት ነበር። ታለቅስብኛለች። ለዋውጪው አልኋት። እኔ ነኝ ያልኋት።»

ይሄይስ የራሱን ጫማ አየ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ቡትስ ይሰጠው ነበር። ኮንጎ ጫማ አድርጎ አንድ ዳገት ወጥቶ አያውቅም። አገሩን ሁሉ በእግሩ አውቀዋለሁ ሲል የኖረው በመንግሥት ጫማ ነው።

ይታየሽ በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ለራሳቸው ሁለት ቃል አሉ። ከዚያ ሰፌዱን አንዲት ፍሬ ሳያፈሱ መሬት አስቀመጡና አዩት።

«ስማ፣ ይሄይስ። እኔ ዛሬ ምንም አልሰማሁም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም፤ ልጅቱ ሁሉም ፈጠራ ነው ብላኝ...»

«አልሰማሁም አልሁህ። በአሥር ሰዓት፣ ምስር ስለቅም፣ አንተ እየሳቅህ የምሰማው መርዶ የለኝም። ልጄ የሰው ልጅ ናት። ነገ በጠዋት ሰው ይዘህ ና፤ በወጉ ንገረኝ።»

ሰፌዳቸውን አንሥተው ገቡ። ይሄይስ ወረቀቱን እንደያዘ በርጩማው ላይ ቀረ፤ በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ራሱን መስደብ ሲያቅተው ባንቺን ሰደበ። ከግቢው ወጥቶ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ስልኩ ጮኸ። «አንቺ ልጅ! ፈጠራ ነው አላልሽም? በግልጽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ምን አሠራሽኝ? ምን አሠራሽኝ እኮ!»

መልሷ ሲመጣ ሹክሹክታ ነበር፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት ይመስላል። «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ ጋሼ? ሶስናን መንገድ ላይ ነው የተዋወቅኋት፤ እዚያው አሸዋው ላይ በእጄ ቀበርኋት። የእናቷን ስም ነግራኛለች። መጽሐፍ እያነበበ የሚሳደብ የከብት ሐኪም ጎረቤት አለን ብላም ስለ እርስዎ አጫውታኛለች። በቴሌግራም ድምፅዎን ስሰማ፣ የእትዬ ይታየሽን ስም ሲጠሩ፣ እሳቸው እንደሆኑ አወቅሁ። አንብበው ይደርሱበታል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይዘው በወጉ ይነግሯቸዋል ብየ ነው። እርስዎ ፈረስ ውሃ ሳይጠጣ ቢውል እንኳ ያያሉ። ይኸንማ አያጡትም ብየ ነበር።»

ሦስት ጊዜ አዳመጠው። ሰው ሁሉ እንዴት አያይም ብሎ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ አንዲት ልጅ ይኸ ሰውየ ያያል ብላ አምስት ዓመት የተሸከመችውን ሸክም ብታወርድለት፣ ቀይ ጽፎበት ስቆበታል።

ሳይመሽ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ሄደ። መሪጌታ የይታየሽ የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ ነገር በጥያቄ ማድከም ይወዳሉ።

«በምን ታወቀ?»

«አብራት ከነበረች ልጅ።»

«እርግጥ ነው? ወይስ ያው እንደዚያ እንደ መጻሕፍትህ ነው?»

«እርግጥ ነው፣ መሪጌታ።»

«ይታየሽ ጆሮ አልገባም? መርዶ ሾልኮ ከተሰማ ወዲያ ምን መርዶ አለው።»

«አልገባም» አለ ይሄይስ። የሌላውን ውሸት በቀይ ሲያድን የኖረ ሰው፣ ካህን ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ሳያሽ ፈጠራ ፈጠረ።

ሲነጋ ሰባት ሰው ሆነው መጡ። አንዱ ያስላል፤ አንዱ ከዘራውን ድንጋይ ላይ ያንኳኳል። ይሄይስ በሁሉም ተናደደ፤ ሰው እንዴት መርዶ ሊያረዳ ሲመጣ ጫማውን እየጎተተ ይሄዳል? በሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ወደ ኋላ አሉና እሱን ፊት አደረጉት። አንኳኳ።

«ማነው?» አለ የይታየሽ ድምፅ ከውስጥ።

በሩ ተከፈተ። ይታየሽ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ነው። ሰባቱን ሰው ተራ በተራ አዩ።

«ምነው? በደኅና ነው በጠዋቱ?»

ይሄይስ ሳይወድ በግዱ ስህተት ፈለገ። ሃያ ዓመት የሠራበት ዓይን ነውና ፊታቸው ላይ፣ ድምፃቸው ላይ፣ ጀሪካኑን በያዘው እጃቸው ላይ ፈለገ፤ አላገኘም። እያወቀ እንዳላወቀ ሁኖ በር የሚከፍት ሰው በየት አገር አለ ብሎ በሦስት መጻሕፍት ላይ ጽፏል። ለካ በር ለበር ጎረቤቱ ነበሩ።

«ግቢና ቁጭ በይ እስቲ፣ ይታየሽ» አሉ መሪጌታ።

ጀሪካኑን ቀስ ብለው አስቀመጡት። የቀረውን መናገር የይሄይስ ነበር፤ ተናገረው፤ ሳይሳሳት፣ ሳይቀንስ፣ ሳይጨምር። ከዚያ በኋላ የወጣው ጩኸት ግን የማስመሰል አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ ወግ ሲጠብቅ የቆየ ጩኸት ነው፤ ሰቆጣ እስከ መናኸሪያው ሰማው።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ይሄይስ ለባንቺ ፍርዱን ላከ፦ «አንዲት ፊደል እንዳትነኪ። ይታተም።» ቅጣው ዘንድ ሄዶም ገጽ ዘጠና አንድን በንጹሕ ወረቀት አሳተመና ለእትዬ ይታየሽ ይዞ ገባ። ድንኳኑ ገና አልተነቀለም። ይታየሽ ወረቀቱን አገላብጠው መለሱለት።

«ይኸን አይደለም። ያነበብኽልኝን ነው የምፈልገው።»

ማምጣት ነበረበት፤ አመጣው። ይታየሽ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጥቁሩን ጽሕፈት በመዳፋቸው ዳበሱት። ጣታቸው ኅዳጉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸ ቀዩ ምን ይላል?»

ሌላ ነገር ሊፈጥር ይችል ነበር፤ ፊደል አይለዩም። ለመሪጌታ ከፈጠረ ወዲህ ደግሞ አፉ አይቸገርም ነበር። ግን እጃቸውን አየና አልቻለም።

«ውሸት ነው ይላል፣ እትዬ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ይታየሽ ቀዩን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ከተቱት።

«ያን ጊዜማ» አሉ፤ «አንተም ገና መርዶው አልመጣልህም ነበር።»